ሁለት ኮከብና አንድ ማሰሮ ማር

የካቲት 11፣ ሰኞ
የፍሪጁ በር ከዛሬ ጀምሮ በከመነዳሪ ላስቲክ እንዲታሰር በቤቱ አስተዳደር፣ ማለትም በእኔ፣ ተወስኗል። አልገጥም ብሏል። የብርዱንም ቁጥር እስከ መጨረሻው አዞርኩት። የእማዬ ኢንሱሊን ከኋላ፣ በረዶ ቤቱ ሥር፣ የክብር ቦታ ተሰጥቶታል። የጂንካ የካቲት... ቆርቆሮው ራሱ ያልበዋል።

የካቲት 13፣ ረቡዕ
የእማዬ ስኳር አልወረደም። በየቀኑ እየተወጋች! ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ለብቻዬ ጠርታ፣ "ቤት ምን ትበላለች?" አለችኝ። ምን ትበላለች? ጎመን።
ቤት ገብቼ የማር ማሰሮውን ከፈትኩ። ጎድሏል። ያው ማር መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ያው ነው።
እናቴ ማር ትሰርቃለች። ይኸው ጻፍኩት።

የካቲት 15፣ ዓርብ
ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት...
"እኔ? የገዛ ማሬን?" ከመንደሯ ከአልዱባ ያመጣችው እሷ ናት።
"ለጤናሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።"
"እሺ። ማክሰኞ በገበያ መኪና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እዚያ አፌን የሚያሸት የለም።"
እዚያ ቤቷ መብራት የለም። መድኃኒቱስ የት ይቀመጣል?
"መድኃኒቱ ላንተ ይሁን። ከማሩ ጋር ዋጠው።"
ትሄዳለች። አውቃታለሁ። ከሄደች ደግሞ...
ማሰሮውን ደግሜ መረመርኩ። በሁለት ማንኪያ።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ
ሰኞ ቤት የሚመዝን ባለሙያ ይመጣል ተባለ። መብራት ምን ያህል እናባክናለን፣ ሙቀቱ በየት ይገባል... አይቶ ለቤቱ ኮከብ ይሰጣል። እንደ ሆቴል!
ኸይሩ ደነገጠ። ኸይሩ ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው፤ የሱቁ መብራት ከእኛ ቆጣሪ አጥር ተሻግሮ ይሄዳል። "ጎረቤት፣ ይሄ ምዘና አይደለም፣ ፍተሻ ነው" አለኝ።

የካቲት 18፣ ሰኞ
ከጠዋት ጀምሮ ዝግጅት። ኸይሩ ሽቦውን ጠቅልሎ ባኞ ሥር ደበቀ። እኔ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ የሚያሳፍረውን ላስቲክ ፈታሁ፣ ዳንቴል አለበስኩት። አምፖሎቹን አወለቅኩ። እማዬ ለነገው መንገድ ያሰረችው ጥቅሏ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።
ባለሙያዋ ጸሎት ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቦርሳዋ ከእሷ ይከብዳል። በሩ ላይ ቆማ ዞር ዞር ብላ አየች።
"ትኖሩበታላችሁ ወይስ ልትሸጡት ነው?"
"እንግዳ ይመጣል ብለን ነው..."
"ጋሼ፣ እኔ የምመዝነው የዘወትሩን ቤት ነው። የነቀላችሁትን ሁሉ መልሱ።"
"የምን ሽቦ?" አለ ኸይሩ ከአጥሩ ማዶ። ስሙን የጠራው አልነበረም።
ሁሉም ተመለሰ። ላስቲኩም። ጸሎት ቆጣሪውን አነበበች። ሶፍት በተዘጋው መስኮት ጠርዝ ያዘች፤ ሶፍቱ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ። መስኮታችን ተዘግቶም ክፍት ነው ለካ።
ከዚያ ሙቀት የሚያይ ካሜራ አወጣች። ጣሪያው ፍም ሆኖ ታየ። እዚህ ሥር ነው የምንተኛው?
እማዬ አላመነችም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ አነሳች። በዓይኔ ግድግዳው ባዶ ነው። በካሜራው ግን የእማዬ እጅ እዚያው ቀርቷል... አምስቱም ጣቶች ያበራሉ። ቀስ እያሉ ደበዘዙ። የምቀልድበት ቃል አጣሁ። እኔ!
"እጄ ያለእኔ ይቀራል?"
"ትንሽ ይቆያል፣ እማማ።"
ደግማ አሳረፈች። ደግመን አየን።
በመጨረሻ ፍሪጁ። ከበሩ ሥር ሰማያዊ ምላስ ወጥቶ ወለሉን ይልሳል። ብርዱ ነው፣ የሚፈሰው። ጸሎት ላስቲኩን ፈታች፣ ቁጥሩን አየች፣ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ አወጣች። ውስጡ የበረዶ ስባሪ ይንሳፈፋል።
"ይሄንን ነው የሚወጉት? አባቴም ስኳር አለበት። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ አይሠራም፣ ጋሼ። ከኋላ ማን አስቀመጠው?"
እማዬ ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻል ነበር።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ
በጠዋት ወደ ሲስተር ሮጥኩ። "ልጅቷ ልክ ናት" አለች። አዲስ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ቤት ስደርስ የገበያው መኪና በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል። እማዬ ጥቅሏን ይዛ ወጥታለች።
"እማዬ... እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"
"ሰምቻለሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ።"
"አትሂጂ።"
ጥቅሉን እጄ ላይ ጣለችው።
"አስገባው። ለገበያ ብቻ ነው፣ ማታ እመለሳለሁ። ማር አልቋል። ማን እንደጨረሰውም አውቃለሁ።"

መጋቢት 2፣ ሰኞ
የእማዬ ስኳር ወረደ። ሲስተር ሁለት ጊዜ ለካች፣ ሁለቴም ወርዷል። የፍሪጁ በር አዲስ ጎማ ገባለት፤ ላስቲኩ በክብር ተሰናብቷል። ብልቃጡ መሐል መደርደሪያ ላይ ነው። ቤታችን ከአምስት ሁለት ኮከብ አገኘ፤ አንደኛው የደጃችን ማንጎ ጥላ ነው አለች ጸሎት። እማዬ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አድርጋ ታልፋለች። እኔም ስታልፍ አያለሁ፤ ያለ ካሜራ።
ማረሚያ፦ የካቲት 13 ቀን "እናቴ ማር ትሰርቃለች" ተብሎ የሰፈረው "የእናቴን መድኃኒት እኔ አበላሸሁት" ተብሎ እንዲነበብ። የጎደለው ማር ለምርመራ ወጪ የሆነ ነው። መርማሪው ከዛሬ ጀምሮ ከማሰሮው አካባቢ ታግዷል።