ብርቱካናማው አጥር

ዌንደል ጎረቤቴ፣ እንዴት ከረምክ? እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው!

እዚህ ለአደን የመጣሁበት ምሥራቅ ሞንታና፣ እንደኛ ተራራ፣ ጫካው ሁሉ የመንግሥት አይደለም፤ በዞርክበት ሁሉ አጥር ነው። ትናንት የመታሁት አጋዘን በደመ ነፍስ አጥር ዘሎ እዚያው ሥሩ ወደቀ። እጄን ብሰድ ቀንዱን እይዘዋለሁ። ግን የአጥሩ ቋሚዎች ብርቱካናማ ተቀብተዋል፤ ሳታስፈቅድ ንቅንቅ የለም ማለት ነው። የእህቴ ባል ሜርል «ጎትተው ባክህ፣ ማን ያይሃል?» ይለኛል። እኔ ሕግ አክባሪው ግን ባለመሬቷን እማማ አይዳን ላስፈቅድ ሄድኩ።

እማማ ካላየሁ አልፈቅድም ብለው አብረውን መጡ። አጋዘኑን አዩና «የኔ ልጅ፣ ይሄማ የመንግሥት መሬት ነው። ባሌ ድንበሩ ላይ ያለው ድንጋይ አልቆፈር ሲለው ነው አጥሩን ወደዚህ ያመጣው። የኔ ድንበር ከጅረቱ ማዶ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ቀለም ቀቡት?»

«አጥር ስለሆነ ነዋ! መሬቱን ልቀባው ኖሯል?»

ይሄን ብለው ዞር ሲሉ መኪናችንን ከጅረቱ ማዶ ቆሞ አዩት። «ያ የቆመበት ሜዳ ግን የኔ ነው። ማንን አስፈቀዳችሁ?»

ሜርል በሳቅ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እማማም ከአጋዘኑ አንድ ታፋ ለመቀጫ ወሰዱ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ጌርታን ሳምልኝ። የእኔንና የአንተን ግቢ የሚለየውን አጥር ደግሞ አደራ፣ ማንም እንዳይለካው፤ የፖም ዛፉ የማን እንደሆነ ባናውቅ ይሻለናል።

ያንተው ኦርቪል