ቅጹ ያልጠየቀኝ ክኒን

ለውድ የወንበር ጓደኛዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ በሰው አገር ሆስፒታል ተኝቻለሁ፤ የኩላሊቴ ጠጠር ነገ ጠዋት ይወጣል። ተጋድሜ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ።

እኛ ዘንድ ሐኪም ያዛል፣ በሽተኛ ይታዘዛል። እዚህ ግን የልጄ እኩያ የሆነ ሐኪም ሦስት መንገድ በወረቀት ሥሎ «ይምረጡ፣ እማማ» አለኝ። አንደኛው ከውጭ በሞገድ ይሰባብረዋል፤ ቢላ የለውም፣ ግን አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛው በሽንት መውጫ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በሌዘር ይፈጨዋል። ሦስተኛው በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ጠራርጎ ያወጣዋል፤ የሚያሰጋው መድማቱ ነው። እንደምታውቂኝ የተንጠለጠለ ሥራ አልወድምና «ሦስተኛው ይሁን» አልኩት።

ሊወጣ ሲል ልቤ ፈራ ፈራ አለ። «ልጄ፣ ደም የሚያቀጥነው የልብ ክኒኔ ችግር የለውም?» አልኩት።

«ምነው እማማ! ሲገቡ የሞሉት ቅጽ ላይ የለም እኮ!»

«ቅጹ የጠየቀኝ ስለ ኩላሊት መድኃኒት ነው፤ የልቤን ማን ጠየቀኝ?»

ሳቀም፣ ተቆጣም። ለልብ ሐኪሙ ደውሎ ክኒኑ እንደማይቋረጥ ሲነገረው፣ «ሞገዱም ውስጥ ውስጡን ያደማል» ብሎ አንደኛውንና ሦስተኛውን መንገድ በእስክሪብቶ ሰረዘ። ቀጭኑ ቱቦ ብቻ ቀረልኝ።

ዝም ብዬ ቢሆንስ? መምህራችን «ያልተጠየቃችሁትን አትመልሱ» እያሉ በአለንጋ ያስተማሩንን፣ አንቺም ሐኪም ፊት ስትቀርቢ እርሺው። ልጆችሽን ሳሚልኝ። ይህ ፖስት ካርድ ሲደርስሽ ነገሩ ያለፈ ቢሆንም፣ እባክሽ ጸልዪልኝ።