አባትሽና ስልሳ አምስት ኢንቹ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? የሞንቴቪዴዮ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ያ የሚወጋሽ ጎንሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። እዚህ ሳልቶ ብርቱካኑ ደርሶ ሰዉ ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። የእኔ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያወራኛል እንጂ ሌላ ምንም አልል። አባትሽም ቁጣው እንዳለ ነው። ምነው ስልክ እያለ ደብዳቤ እንዳትይኝ፤ ቤታችን ጠባብ ነው፣ የአባትሽን ጆሮ ደግሞ ሹክሹክታ አያመልጠውም። ለዚህ ነው በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ የምልክልሽ።

አሁን ቁጣሽን ያዝ አድርጊና ስሚኝ። አርባ ሦስት ኢንች ቴሌቪዥን ይበቃችኋል ብለሽን ነበር። የገዛነው ስልሳ አምስት ነው።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! አንቺ የላክሽውና እኛ ያጠራቀምነው ተደምሮ ሃያ ሺህ ፔሶ ነበር፤ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትሉ ማለትሽንም አልረሳሁም። ግን አባትሽን ታውቂው የለ? ሠላሳ ዓመት በአገሩ ሊግ የመስመር ዳኛ ሆኖ ባንዲራ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ አንዴ እጁን ካነሳ አያወርድም። አራት ሱቅ አዞረኝ። በየሱቁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዚህ የሚበልጥ የላችሁም?» የአራተኛው ሱቅ ሻጭ ሮሚና የምትባል ደርባባ ሴት ናት። ስለ ቀለሙ ጥራት ስታስረዳው እሱ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፏል። «አባባ፣ ራቅ ብለው እኮ ነው የሚያዩት» ብትለው፣ «እኔ ከሃምሳ ሜትር ላይ የአጥቂ ጫማ ጫፍ ኦፍሳይድ መሆኑን ያየሁ ሰው ነኝ! አንቺ ማየት ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ጮኸባት። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ስልሳ አምስቱ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ከላይ እስከ ታች አንድ አረንጓዴ መስመር ወርዶበታል። ሮሚና ሐቀኛ ናት፣ በዚህች መስመር ምክንያት ዋጋው እስከ ሃያ አራት ሺህ ድረስ እንደወረደ ነገረችን። አባትሽ «የቱ መስመር? እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው!» አለ። ሰው የወደደው ነገር ነውሩ አይታየውም ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የጎደለውን አራት ሺህ ለአዲስ ምድጃ ካጠራቀምኩት ገንዘብ ሞላሁት። የምድጃዬ በር ዛሬም በወንበር ተደግፎ ነው የሚዘጋው፤ የሰርጋችን ፎቶ ደግሞ ግድግዳ ጠቦት ወደ መታጠቢያ ቤት ተሰዷል።

ማክሰኞ ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት ጎረቤታችን ኔልባ ባሏን አስከትላ መጣች። ገና ቁጭ ስትል «ሜዳው ላይ ዛፍ በቅሏል እንዴ?» አለች። ቆነጠጥኳት። አባትሽ እንደ ልማዱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ ሬዲዮውን ከፈተ፤ ጨዋታ የሚያውቀው የሬዲዮ ሰው ብቻ ነው ባይ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ጥቂት እንደተጫወቱ ሬዲዮው «ጎ-ኦ-ኦል!» ብሎ አበደ። አባትሽ ተስፈንጥሮ ሲነሳ የማቴ ሻዬን ከነፍል ውኃው ጭኔ ላይ ደፋው። «አያችሁ! በግራ እግሩ! እንዴት አድርጎ ማዕዘኑ ላይ እንደሰካት አያችሁ!» እያለ ኔልባን አቀፋት። እኛ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ቴሌቪዥኑ ላይ የእኛ ልጆች ገና መሃል ሜዳ ኳስ በእጅ ሊወረውሩ ነው! ለካስ የዚህ አዲስ ቴሌቪዥን ምስል ከሬዲዮው ስምንት ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ጎሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ የኔልባ ባል ጮኾ ተነሳ። አባትሽ ዞር ብሎ «አንተ ፈዛዛ፣ አሁን ነው የነቃኸው?» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል፣ አባትሽ አፍጥጦ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን አጠገቡ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ነበር።

ልጄ፣ ሁሉም ነገር ያኔ መጣልኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የመብራት ደረሰኙን እኔ ነኝ የማነብለት። «ድምፅሽ ደስ ስለሚለኝ ነው» ይለኛል። እኔ ጅሏ ደግሞ ደስ ብሎኝ ፀጉሬን አበጥሬ ነበር የማነብለት! ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ መሄድም ትቷል፤ የዛሬ ዳኞች አይረቡም እያለ።

በማግስቱ ኔልባ መጥታ ይሄ ነገር ይዘገያል፣ መልሱት አለችኝ። «አርፈሽ ተቀመጪ! ስለ ሰከንዱ አንዲት ቃል ከአፍሽ ብትወጣ ጉርብትናችን አበቃ» አልኳት። አሁን ሬዲዮው ጎል ሲል እኔም አብሬው ተነስቼ እጮኻለሁ።

ስለዚህ እባክሽ፣ እዚያ የዓይን ሐኪም ዘንድ በእኔ ስም ቀጠሮ ያዢልኝ። ብቻዬን እፈራለሁ ብዬ እሱን አስከትላለሁ። ሐኪሙ «እርስዎም እስከ መጡ ድረስ» ብሎ ያየዋል። አንቺ ግን ስለ እሱ ዓይን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ያ ሰው የሚመካበት ሌላ ነገር የለውም።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው። ምን እንደምጽፍ ሲጠይቀኝ፣ ዓይኔ እያስቸገረኝ ስለሆነ ልጅቷ ቀጠሮ እንድትይዝልኝ ነው አልኩት። ማቴውን ባዶው እስኪጮህ ድረስ ማገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያቺ መስመር ቀለሟ ምንድን ነው አለኝ። አረንጓዴ ናት አልኩት።

«ታዲያ ሜዳው አረንጓዴ፣ መስመሯ አረንጓዴ፣ ማን ያያታል?» አለ። እኔም ማንም አያያትም አልኩት።

ማቴውን አስቀመጠና፣ «ቀጠሮውን ለሁለት ሰው ትያዘው በያት። ለአንድ ሰው ብሎ ያን ሁሉ የአውቶቡስ ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ሰምተሻል። ለሁለት ሰው ያዢ።

የሰጠሽበት እጅሽ አይጉደል፤ የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ብርሃን ይሁንልሽ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ