ሾርባው ሳይበርድ ግባልን

ቡሳን፣ መስከረም አጋማሽ፣ እሑድ ማታ

ለምወድሽ የዱሁን እናት፣

እንዴት ነሽ? አራሷስ እንዴት ሰነበተች? ልጃችን ሴራ የባሕር ቅጠሉን የአራስ ሾርባ በደህና ትጠጣልሻለች ወይስ እንደ ልጅነቷ አፍንጫዋን ይዛ ነው? ሕፃኗንስ ማንን መሰለች አሏት? ከትናንት ጀምሮ ስልክሽን ያላነሳሁት አኩርፌ እንዳይመስልሽ። ድምፄ ጥፍት ብሏል። ሞቅ ባለ ውኃ ማር በጥብጬ ብጠጣም የሚወጣኝ ሲጥታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም ሳታቋርጪኝ አንዴ ስሚኝ።

ትናንት እንደ ሁልጊዜው ከጸጉር አስተካካዩ ጓደኛዬ ከቼ ጋር የጓንግጁን ቤዝቦል ቡድን ልንደግፍ ወደ ቡሳን ወረድን። እሱ ዘንድሮም ቦታ የያዘልን በሦስተኛው ቤዝ፣ በሯጮቹ ማረፊያ በኩል፣ ከእንግዳ ደጋፊዎች መሃል ነው። ቀይ ማሊያዬን ለብሼ አውቶቡስ ላይ እንዳለሁ ዱሁን ደወለ።

«አባባ፣ አንዱ ተጎድቶ ዋናው ቡድን ዛሬ ጠርቶኛል። ከተቀያሪዎቹ ጋር ነኝ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ በቡሳን ሁለተኛ ቡድን ሲንከራተት፣ «ዋናው ቡድን ሳልገባ እንዳትመጡ» እያለ ከልክሎን ሲጫወት አንድ ቀን አላየነውም። ዘንድሮም ካልሆነለት እንደሚያሰናብቱት አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ በዚያችው ቀን ከባላጋራው ወገን ልቀመጥ ነው። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው የእኛ ነበር። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ቡሳኖች ሁለት ሯጭ ቤዝ ላይ አቁመው አንድ ዕድል ብቻ ሲቀራቸው መቺ ቀየሩ። ድምፅ ማጉያው «ባንግ ዱሁን» ሲል የቼን ክንድ ጨበጥኩ።

ሌላው መቺ ሲወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ የሰውየውን ዘፈን እያወጣለት ስታዲየሙን ያናውጠው ነበር። የእኛን ልጅ ግን ማን ያውቀዋል? ዘፈን የለው። የደጋፊ መሪያቸው ከበሮ አስመትቶ እንደ ነገሩ ስሙን አስጠራለት። በእኛ ወገን ደግሞ ሌላው ቡድን በሚመታበት ሰዓት መጮኽ ወግ ስላልሆነ ሁሉም የተጠበሰ ዶሮውን ይግጣል። ዱሁን የመጀመሪያዋን ኳስ ሳታት። ሁለተኛዋንም ሳታት፤ አንድ ከደገመ ጨዋታው አለቀ። ትከሻው ዝቅ ሲል ከዚያ ሁሉ ርቀት ታየኝ። ትምህርት ቤት እያለ ሊያለቅስ ሲል እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ሦስተኛዋን በጎን ጨረፋትና ከሜዳ ወጥታ ቼ እጅ ላይ ዐረፈች፤ እንዲህ ያለችው አትቆጠርበትም። ቡሳኖች ኳስ የያዘን ሰው እንደ ልማዳቸው ከማዶ «ለልጅ ስጥ! ለልጅ ስጥ!» እያሉ አፋጠጡት። ቼ ግራ ቀኝ ቢያይ ከትልቅ ሰው በቀር የለም። ኪሴ ውስጥ ወተፋትና «ሜልበርን ሕፃን አለችህ አይደል? ለእሷ ላክላት፤ እነዚህ ሰዎች ዝም ይበሉልን» አለኝ።

እነሱስ ዝም አሉ፤ እኔ ግን አላስቻለኝም። ቀይ ማሊያዬን እንደለበስኩ፣ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ባለበት ብድግ አልኩና አንቺ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሾርባ ዕቃ ታቅፈሽ ትዘፍኚለት የነበረውን አወጣሁት፦

ምታት ምታት ባንግ ዱሁን
ሾርባው ሳይበርድ ግባልን

«አንተ ሰውዬ ቁጭ በል፣ አዋረድከን እኮ!» ቼ ማሊያዬን ይጎትታል።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል፤ እሱ የእኛ ሰው አይደለም» አለችኝ ከፊቴ ያለች ወጣት፣ ዶሮ እንደያዘች ዞራ።

«የእኔ ነው፤ ልጄ ነው!»

ዞሮ ያላየኝ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ዱሁንን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ «እሺ ይምታ፣ ግን እንዳያሸንፈን» ብላ በዶሮው ካርቶን ምቱን ትመታልኝ ጀመር። ሌሎቹም እየሳቁ ተከተሏት። ሁለተኛ ስደግመው ዱሁን ዱላውን ዝቅ አድርጎ ወደ እኛ ዞር አለ። ትከሻው ቀና አለ።

ወርዋሪው ለቀቃት፤ መታት። የዱላውን ድምፅ ብትሰሚው! ኳሷ ግድግዳው ድረስ ስትከንፍ ሁለቱም ሯጮች ገቡ፤ ቡሳን አሸነፈ። ቡድኔ ተሸነፈና እኔ እንደ ሕፃን እየዘለልኩ አለቀስኩ። ልጅቷ የቀረችውን የዶሮ ጭን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ተሸንፎ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ቼ ጥሎኝ ወደ ማደሪያችን ሄደ።

እኔ ግን ዱሁንን በተጫዋቾች በር ጠበቅሁት። ማሊያዬን አይቶ ሳቀ። «አባባ፣ ዘፈኑን ስሰማ እማማ ከሜልበርን መጣች እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ዞሬ ባይ ግን ቀይ በቀይ ነው!» ልመልስለት አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። አቀፍኩት። በዚህ መሃል ያ የቡሳን የደጋፊ መሪ ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ እየሮጠ መጥቶ ግጥሙን ጠየቀን። ዱሁን ደጋግሞ ነገረው።

ዛሬ ከመጀመሪያው አሰለፉት። ገና ሲወጣ ከማዶ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ብድግ ብሎ የአንቺን ዘፈን ዘፈነው፣ ሾርባውን ሳይቀር። ሁለቴ ሳተ፣ አንዴ መታ፤ በሁሉም ዘፈኑለት። አሠልጣኙም ከእንግዲህ ወደ ሁለተኛው ቡድን አይመለስም ብሎታል። እኔ ከቼ አጠገብ ቀይ ማሊያዬን ለብሼ፣ እንደ ወጉ ዝም ብዬ፣ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር።

ኳሷን ከደብዳቤው ጋር ልኬያታለሁ። ለልጅ ይሰጥ ተብሏልና ለሕፃኗ ስጪልኝ። መቶኛ ቀኗን በደስታ አክብሩላት፤ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ እናቷንም ጉልበት ይስጣት። አንቺ ግን ከዚያ በኋላ አትቆዪ። ዱሁን ለዕረፍት ቤት ሲመጣ ሾርባውን ብሠራለት እንደ አንቺ አይጥመውም። እኔንም አልጣመኝም።

የዱሁን አባት
ባንግ ኪዩሶፕ