ግራ ያጋባው ቀኝ ክንድ

አቶ ኤይቪን ሎውስትሩፕ ከአባታቸው ከአቶ አንቶን ሎውስትሩፕ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪርስቲነ ዳም እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1941 በሞርስ ደሴት ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ እንዲህ ይበል እንጂ እናታቸው እስኪያርፉ ድረስ «በሁለት ነው፤ ስወልደው እዚያው ነበርኩ» ይሉ ነበር። ከልደታቸው ቀን ጀምሮ ነገራቸው አልለይ ያለ ሰው ናቸው። ይህን የምትጽፈው ልጃቸው ሪኬ፣ ሌላ መያዣ ስለሌላት፣ የመዝገቡን ይዛለች።

ሰባት ዓመት ከተማሩ በኋላ በአሥራ አራት ዓመታቸው አናጺ ዘንድ ገብተው ሙያውን ተማሩ። በ1962 ወደ ሮስኪልደ ከተማ መጥተው ለባለጸጎች የሚያማምሩ ቤቶች ሠሩ። በ1966 የሕፃናት መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ ኢንገር ጋር ጋብቻ መሥርተው በ1971 ሪኬን ወለዱ።

በ1976 ሃያ አራት ቤተሰቦች ከከተማው ዳር አንድ የገብስ ማሳ በጋራ ገዙ። ቢግማርከን የተባለው የዛሬው የጋራ መንደራችን ይህ ነው። ለየቤተሰቡ አነስ ያለ ቤት፣ ለሁሉም ደግሞ እራት የሚበላበት አንድ ትልቅ የጋራ ቤት ተሠራ። አቶ ኤይቪን በሮቹን ሁሉ የሠሩት በእጃቸው ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መምህርም፣ ሐኪምም፣ የቆሻሻ መኪና ሾፌርም ነበሩ። ስለ ቤቶቹ ዋጋ ክርክር ሲነሳ አቶ ኤይቪን ተነሥተው «ሾፌሩ የማይገባበት መንደር ከሆነ ለእኔም ይቅርብኝ» አሉ። በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ሁለት አንቀጾችን የጻፉት እርሳቸው ናቸው። አንደኛው ማንም ቤቱን ሲለቅ ከገባበት ዋጋ አስበልጦ አይሸጥም፤ ቤቱም ለዘመድ ሳይሆን በወረፋው ቀዳሚ ለሆነው ይሰጣል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው እጅን ከራስ በላይ በማንሳት ነው ይላል። ሁለተኛውን ለምን እንደጻፉት ያኔ የጠየቃቸው አልነበረም።

በ1998 ከመወጣጫ ላይ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ትከሻቸው እየጠዘጠዛቸው ከሬዲዮው ቀድመው ይናገሩ ነበር። በ2011 ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኢንገርን በሞት አጡ። የሐዘናቸውን ልክ ማንም አላየም፤ የሚታየው በጋራው ወጥ ቤት ድንች መላጥ ማብዛታቸው ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከውጭ መጥታ አብራቸው የምትልጠው ሶልቫይ ነበረች። ሶልቫይ በአረጋውያን ማቆያ ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ከ2014 ጀምሮ በቢግማርከን ወረፋ ላይ ያለች ሴት ናት። ወረፋው አይንቀሳቀስም። አቶ ኤይቪን እንደሚሉት ርካሽ ቤት የገባ ሰው በሬሳ ሣጥን ካልሆነ አይወጣም።

አሁን ወደ 2016 ልምጣ። ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

በዚያ ዓመት የዋጋ ጣሪያው ይነሳ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ቀረበ። ያቀረቡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁሉም ልጅ አለው። ሪኬም ያኔ ከባሏ ተለያይታ፣ ከልጇ ከአልማ ጋር የምትኖርበት ቤት በኮፐንሃገን ትፈልግ ነበር። ጣሪያው ቢነሳ አባቷ ቤታቸውን አስይዘው ሊረዷት ይችሉ ነበር። ቢነሳ ደግሞ ሶልቫይ በቢግማርከን ቤት የማግኘት ተስፋዋ ያከትም ነበር። ሪኬ ይህን ታውቅ ነበር፤ አውቃም ለመነቻቸው። አቶ ኤይቪን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩና «እጄን አነሳለሁ፣ ልጄ» አሏት።

ለውሳኔው አሥራ ስድስት እጅ ያስፈልግ ነበር፤ አሥራ አምስት ተነሣ። የአቶ ኤይቪን እጅ ጆሯቸው ጋ ደርሶ ቆመ። ሰብሳቢው አቶ ፕሬቤን ጠየቋቸው።

«ኤይቪን፣ ጆሮህን እያከክህ ነው ወይስ ድምፅ እየሰጠህ?»

«እስከሚነሳልኝ አንስቻለሁ።»

«ልቁጠረው?»

«ደንቡ ከራስ በላይ ነው የሚለው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለራሴ አላፈርሰውም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ የውሳኔ ሐሳቡም ወደቀ።

በማግስቱ ሪኬ በጠዋቱ ባቡር ገስግሳ መጣች። አባቷን ያገኘቻቸው ከጋራው ቤት ፊት ካለው የባንዲራ ምሰሶ ሥር ነው። በመንደሩ የልደት ቀን ባለው ሰው ሁሉ ስም ባንዲራ የሚሰቅሉት እርሳቸው ነበሩ፤ ያን ቀን ደግሞ የአቶ ፕሬቤን ልደት ነበር። ባንዲራው ጫፍ ላይ ይውለበለባል።

«ግራ እጅህንስ ለምን አላነሳህም?» አለቻቸው።

«ግራው የኬክ ሳህን ይዞ ነበር።»

«ይህን ባንዲራ በምንህ ሰቀልከው ታዲያ?»

«ገመድ የሚጎተተው ወደ ታች ነው፣ ልጄ።»

ሪኬ ስምንት ወር አኮረፈቻቸው። ከታረቁ በኋላም እውነታቸውን ነበር ወይስ አታለሏት፣ ክንዳቸው አልነሳ ብሎ ነው ወይስ እርሳቸው አላነሳ ብለው፣ መለየት አልቻለችም። አንዳንድ ቀን «ምስኪን አባቴ፣ ትከሻው ነው» ትላለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና በ1976 ለዚህች ቀን ብለው ነው ደንቡን የጻፉት ብላ ትናደዳለች። በቀኝ ክንዳቸው ሰበብ ሰባት ዓመት ሙሉ ግራ ገብቷት ኖረች።

አቶ ኤይቪን ባለፈው የጸደይ ወራት በጣፊያ ካንሰር ታመሙ። ሆስፒታል አልተኛም ብለው በቤታቸው፣ በሪኬና በጎረቤቶቻቸው ሲታገዙ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ሪኬ «አባዬ፣ ያን ቀን ክንድህ ይነሳ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «ያን ቀን ዝናብ ነበር እንዴ?» አሉ። ኦክቶበር 11 ቀን 2023 በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

እዚህ ላይ «ሪኬ» ማለቱን ልተወው። ባረፉ ማግስት ባንዲራውን ከምሰሶው ግማሽ ላይ ላደርግ ወጣሁ። ገመዱ የሚታሰርበትን ብረት ስፈልገው በደረት ከፍታ የለም። ለካ ልጆች እንዳይፈቱት ብለው አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ላይ አንስተውታል። ቁመታችን እኩል ነው። ቋጠሮውን ለመፍታት ቀኝ ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁ፤ ከራሴ በላይ። ለሃያ አራት ቤት ልደት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ክንዳቸውን ያን ያህል ያነሱት ነበር። እዚያው ምሰሶው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከልቅሶው መሀል ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ የትኛው እንደሚበልጥ አሁንም አላውቅም።

ቤታቸው በደንቡ መሠረት፣ በገቡበት ዋጋ፣ ለወረፋው ቀዳሚ ለሶልቫይ ይሰጣል። ከቀብሩ መልስ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ባንዲራውን ከግማሽ ወደ ጫፍ የምታወጣው እሷ ናት። ሶልቫይ ከአባቴም ከእኔም አጭር ስለሆነች፣ ትናንት የአባቴን መፍቻ ይዤ ወጥቼ ብረቱን ወደ ታች አወረድኩት።

አቶ ኤይቪን ሎውስትሩፕ ልጃቸውን ሪኬን፣ የልጅ ልጃቸውን አልማን እንዲሁም ሃያ ሦስት ቤት ሙሉ ጎረቤት ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በቀኙ ያቁምልን፤ ግራ መጋባቱን ለእኔ ይተውልኝ።