ፎቶ አንሺው የሞላው ጥርስ

ውድ አክስቴ፣

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽብኝ ነው የምጽፈው። እባክሽ ይህን እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ወንዝ ዳር የተገኘው አጽም የጠፋው ልጅሽ ይሁን አይሁን ለማወቅ፣ እዚህ አጽም ምርመራ ክፍል ኃላፊዬ የላክሽውን ፎቶ ከራስ ቅሉ ጎን አድርጎ አየው። "አይገጥምም። የዚህኛው የፊት ጥርስ ጫፉ ተሸርፏል፤ የፎቶው ልጅ ጥርስ ግን ሙሉ ነው" ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ልጮህ ምንም አልቀረኝም! ያንን ጥርስ ፎቶው ላይ በኮምፒውተር የሞላው ፎቶ አንሺው ነዋ! "የምረቃ ፎቶ ነው፣ አሳምርልኝ" ብለሽ አጠገቡ ቆመሽ ያሠራሽው አንቺ ነሽ፤ እኔም አብሬሽ ነበርኩ። ልጅሽ ራሱ ፎቶውን ሲያይ "እማዬ፣ ይሄ ማነው? አስተዋውቂኝ እንጂ" ብሎ አስቆናል።

ይህን ለኃላፊዬ ስነግረው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ "አንቺ ዘመድ ነሽ፤ ትዝታሽን ማስረጃ ብዬ አልቀበልም። ያልተነካ ፎቶ አምጪ" አለኝ። ልክ ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው።

የአጽሙ ከአንገት ወደ ግራ ትከሻ የሚሄደው አጥንትም ተሰብሮ የዳነ ነው፤ ትንሽ ጎብጦ ገጥሟል። አንቺን ብጠይቅሽ "የኔ ልጅ ወድቆ አያውቅም" አልሽኝ። አክስቴ! ኳስ ሊያወርድ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ የወደቀው ማነው ታዲያ? እጁን በሻርፕሽ አንገቱ ላይ ያሰርሽለትስ?

ተመርቄ እዚህ ስገባ ለጠፋ ሰው ሁሉ ስሙን የምመልስለት መስሎኝ ነበር። ይኸው የገዛ አክስቴን ማሳመን አቃተኝ።

"ጥርሱም አጥንቱም ደህና ነው" ስትዪኝ ምን ማለትሽ እንደሆነ ይገባኛል። ይሄ እሱ ካልሆነ ልጅሽ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። እኔስ እሱ እንዲሆን የምፈልግ ይመስልሻል? ግን እሱ ከሆነና ዝም ካልን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከማይታወቁት ጋር በቁጥር ይቀብሩታል። ሰፈሩ ሁሉ ከሩቅ በሳቁ የሚለየው ልጅ ቁጥር ይሁን?

ያልተነኩት ፎቶዎች አልጋሽ ስር ሻንጣ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ከእንግዲህ ላኪልኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ። ካልከፈትሽልኝ ደጃፍሽ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጎረቤት ይየኝ፣ የምታፍሪው አንቺ ነሽ። ከከፈትሽልኝ ደግሞ ሻንጣውን አልነካብሽም። አንቺ "እሺ" እስክትዪ አጠገብሽ እሆናለሁ፤ ከዚያ አብረን እናወጣዋለን።

ብትቆጪም ብታባርሪም የማልነሳው፣
የእህትሽ ልጅ