ታች የቀረው አባቴ

ጥቅምት 9
ዝናብ። የጡረተኞች ክለባችንን ዓመታዊ ጉዞ ማዘጋጀቱ ዘንድሮም እኔው ላይ ወደቀ። "ኡርሱላ ታውቅበታለች" ብለው አጨበጨቡና ወደ ኬካቸው ተመለሱ። ማን ሊሠራው ነበር ታዲያ?
ጠዋት በከሰል ጉድጓዱ አደጋ ያለቁት ሠራተኞች መታሰቢያ ድንጋይ ጋ ጸሎትና አበባ። ከዚያ ምሳ፣ ሩላዳ የሚሉት ጥቅል ሥጋ ከቀይ ጎመን ጋር፤ ሌላ ቢሆን ያብዳሉ። ከሰዓት በኋላ ለጎብኚ የተከፈተው የድሮው የከሰል ጉድጓድ፣ ከነአስጎብኚው። አውቶቡስ አስያዝኩ። ጀርባዬን ያመኛል።

ጥቅምት 11
የመታሰቢያውን ፊደሎች የሚያድሰው ድንጋይ ጠራቢ ደወለ። "ይቺ ባዶ ቦታ እንዲሁ ትቅር?" አለኝ።
የአባቴ ቦታ ናት። በአደጋው ያለቁት ሁሉ ስማቸው አለ፣ የአሎይዝ ብቻ የለም። ድንጋዩ ሲቆም እናቴ አይጻፍም አለች፤ ያለ ሚስት ፈቃድ ደግሞ አይቀረጽም።
አምስት ዓመቴ ነበር። ታች ጉድጓዱ ውስጥ እሳት ተነሣ። እንዳይዛመት ብለው መተላለፊያውን በግንብ ደፈኑት። አባቴና ጓደኞቹ ከግንቡ ወዲያ ነበሩ… አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ። እናቴ እስከዛሬ "ሞተ" ብላ አታውቅም። "ታች ቀረ" ነው የምትለው።
በዚህ ጉዞ ስሙ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። እሷ ሰማንያ አራት ሞልቷታል። እሷም ከሄደች ማን ሊፈቅድ ነው?

ጥቅምት 14
ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር።
"ማን አየው?" አለች።
"ምኑን?"
"ሲሞት።"
"እማዬ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ እኮ!"
"ዓመቱን ጠየቅኩሽ?"
በሩን ወርውሬባት ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ! የፊት ለፊት ጎረቤቷ ቤርታ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ መቼም ጆሮዋ አያርፍም። "ደግሞ ተጣላችሁ?" አለችኝ። አልፌያት ወረድኩ።

ጥቅምት 15
አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ጥቅምት 20
ደወለች።
"መዝግቢኝ።"
"ለመታሰቢያው?" ደስ ብሎኝ ልሞት።
"ለጉድጓዱ። መጀመሪያ ታች እወርዳለሁ። የድንጋዩን ነገር ከዚያ በኋላ እናያለን።"
ያኛው የአባባ ጉድጓድ እንዳልሆነ፣ የሱ ተዘግቶ ውሃ እንደሞላው፣ ልቧም እንደማይችለው… ሁሉን ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።
"መሬቱ አንድ ነው" አለች። "ደግሞ አንቺም ትወርጃለሽ። ካፖርት ጠባቂ ሌላ ፈልጊ።"
ለካ ታውቃለች! በየዓመቱ ሰዉን በር ድረስ አደርስና ካፖርት ታቅፌ ላይ እቀራለሁ። ሁሉም ለነሱ ስል ይመስለዋል። እፈራለሁ። ሌላ ምክንያት የለውም፣ እፈራለሁ።

ጥቅምት 23
ፕሮግራሙን ገለበጥኩት። ጠዋት ጉድጓዱ፣ ከሰዓት መታሰቢያው። ክለቡ ተንጫጫ።
"ጥላሸት ተቀብተን ነው አበባ የምናስቀምጠው?" ቤርታ ናት።
"ታጠቢያ!"
አስጎብኚው ሩፊን ራሱ ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። የእናቴን ዕድሜ ነገርኩት።
"ልባቸውስ?"
"ከኔ ይሻላል።"
"ባላቸው ማን ነበሩ?"
ነገርኩት። ከዚያ "ታጣፊ ወንበር እይዝላቸዋለሁ" አለ።

ኅዳር 6
ነገ ነው። የተጓዦቹ ስም ዝርዝር ላይ ተደፍቼ ሳለሁ እናቴ በታክሲ መጣች! ያለ እሑድ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም።
"ምን ሆንሽ?"
"ልታረቅ ነው። ያን ዕለት በሩን ወርውረሽብኝ ሄደሻል። ተኳርፎ ታች አይወረድም።"
"ያ ልማድ እኮ ለጉድጓድ ሠራተኞች ነው፣ እማዬ።"
"ለሚወርድ ሁሉ ነው።"
ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም ሳምኳት፣ ይቅርታም አልኳት። ልትወጣ ስትል በሩን ይዛ ቆመች። "እኔና አባትሽ ያን ጠዋት ታርቀን ነው የተለያየነው። እወቂው ብዬ ነው።"
በምን ተጣልተው እንደነበር አልጠየቅኩም።

ኅዳር 7
ደክሞኛል፣ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።
ጉድጓዱ አፍ ላይ ለሩፊን "እንደምን አደርክ" ስለው እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። "እዚህ እንደዚያ አይባልም! እግዜር ይባርክ ነው የሚባለው።" ሩፊን የራስ ቁሩን አውልቆ "እግዜር ይባርክ፣ እትዬ ትሩዳ" አላት። ደስ አላት፣ አየኋት።
ሊፍቱ ቁልቁል ሲለቀቅ እጇን ጨምድጄ ያዝኩ። "ቀስ፣ አጥንቴን" አለች።
ታች ይሞቃል። ውሃ ይንጠባጠባል። ሩፊን ስለ ከሰሉ፣ ድሮ ጋሪ ይጎትቱ ስለነበሩት ፈረሶች ሲያወራ አንድም አልሰማሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ጠባብ ቦታ አቆመን። "አሁን የራስ ቁራችሁን መብራት አጥፉ፣ ጨለማውን እዩት" አለ። ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው አሉ። አንድ በአንድ አጠፉ። የኔ የመጨረሻ ነበር።
ምንም። እጄን ዓይኔ ሥር አመጣሁት፣ የለም። ልጮህ ደርሼ ነበር። ያኔ ከወንበሯ ሆና እናቴ ተናገረች፣ ጓዳ ያለ ሰው እንደምትጠራ ጮክ ብላ።
"አሎይዝ! ትሩዳ ነኝ።"
"እንዲህ ጨለማ ነው እንዴ? እንደ ቤተ ክርስቲያን ብርሃን ነው ትለኝ ነበር እኮ። ውሸታም! እንዳልሰጋ ብለህ…" ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጅህም መጥታለች። ፈሪ ናት፣ ግን መጥታለች።"
አለቀስኩ። ቤርታም አለቀሰች፤ ንፍጧን ስትስብ ለየኋት። እናቴ ግን "በቃ፣ አብሩት" አለች።
ከምሳ በኋላ መታሰቢያው ጋ በባዶዋ ቦታ ላይ እጇን አሳረፈች። ድንጋይ ጠራቢው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። "ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" አለችው።


ኅዳር 12
ተቀረጸ። ጠዋት ወሰድኳት። ፊደል በፊደል አነበበችው፣ ከዚያ "ቤት ውሰጂኝ" አለች።
ቤት ስንገባ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠችና ጮኻ አለቀሰች። እናቴ እንዲህ ስታለቅስ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። አደጋው የደረሰ ጊዜም አላለቀሰችም፤ ሊያጽናኗት ሰዎች ደጅ ድረስ መጥተው ነበር፣ "ማን ሞተና?" ብላ መለሰቻቸው ይባላል። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም።
በሩ ተንኳኳ። ቤርታ ናት። ጥቁር ለብሳለች፣ በሁለት እጇ ለቅሶ ቤት የሚወሰደውን ትልቅ ኬክ ይዛለች። ከኋላዋ ደረጃው ላይ የፎቁ ጎረቤቶች ተሰልፈዋል፣ እነሱም ጥቁር ለብሰዋል። ቤርታ እኔን አላየችኝም፣ በትከሻዬ አሻግራ እናቴን ነው የምታየው።
"ነፍሱን ይማረው፣ ትሩዳ" አለች።
እናቴ ፊቷን በመሐረቧ ጠረገች።
"አሜን" አለች። "ግቡ፣ አትቁሙ። ኡርሱላ፣ ወንበር አምጪ።"